ከምርጫ ማግስት የሚፈታ ድልድይ

ለክቡር የአውራጃችን አስተዳዳሪ፤
በምርጫ ሰሞን ደግሞ ለክቡር የአውራጃችን የምርጫ ኃላፊ፤
ሁለታችሁም በአንድ ወንበር ለተቀመጣችሁት።

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በደህናና በሰላም እንዲያገኝዎ እጸልያለሁ። ጉልበትዎ አይድከም፣ እስክሪብቶዎ አይድረቅ፣ መኪናዎ መንገድ አይጣ፤ እኛ ዘንድ መንገድ ስለሌለም መኪናዎ እኛን አይናፍቅ። እኔ አምላክ ይመስገን ከቀኝ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው በመሆኔ፣ ቃላቴ ከማዕረግዎ ዝቅ ብለው ቢገኙ እንደ ሽማግሌ ስህተት ቆጥረው እንዲያልፉልኝ ከወዲሁ እለምናለሁ።

ስሜ ኡሜድ ሲንግ ናያል ይባላል። የካፍልኬት መንደር ነዋሪ ነኝ። ትምህርት ቤታችን ልጅ አጥቶ እስኪዘጋ ድረስ ዘበኛው ነበርኩ፤ ቁልፉ አሁንም አንገቴ ላይ ነው። በመዝገብዎ ላይ የካፍልኬት መራጭ ሕዝብ የሚል ካዩ፣ ያ ሕዝብ እኔ ነኝ። ሠላሳ አራት ቤቶች ነበሩን፤ ሠላሳ ሁለቱ ጣሪያቸው ወርዶ ሳማ በቅሎባቸዋል። ባለቤቶቻቸው ቆላ ወርደው ፋብሪካ ገብተዋል፤ የእኔም ልጅ ቡፓል ከነሱ አንዱ ነው።

ባለፈው ሳምንት የላኩልኝ ማስታወቂያ በሁለት ሠራተኞች እጅ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሳይረጥብ ደርሶኛል። በባይሳክ ወር በሚደረገው ምርጫ ለእኔ ለአንዱ መራጭ ሲባል አምስት አስመራጮች፣ ሁለት ፖሊሶችና አንድ የድምፅ መስጫ ማሽን ተራራውን ወጥተው ትምህርት ቤታችን ውስጥ እንደሚያድሩ፣ በቢሱጋድ ወንዝ ላይም ለማሽኑ ደህንነት ሲባል ጊዜያዊ የሳንቃ ድልድይ እንደሚዘረጋ አንብቤያለሁ። በመጨረሻም ካፍልኬት እንዳለፈው ምርጫ መቶ በመቶ ድምፅ በመስጠት ለአውራጃው ኩራት እንድትሆን በአክብሮት ጠይቀውኛል።

ክቡር ሆይ፣ እኔ መቶ በመቶ ነኝ። ይህን ያህል ሆኜ አላውቅም ነበር። ከዚህ በፊት የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ሦስት ቀን ቆሜ አንድ ሰው እንኳ መሆን አቅቶኝ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለማቅረብ እንዲፈቅዱልኝ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፦ ለሁለቱ ቆቦችዎ አመሰግናለሁ። የድሮውን ድልድያችንን ቢሱጋድ ከወሰደው ስድስት ዓመት ሆኗል። በእነዚህ ስድስት ዓመታት አስተዳዳሪ ለሆኑት ለእርስዎና ከእርስዎ በፊት ወንበሩ ላይ ለነበሩት አሥራ አንድ ማመልከቻ ጽፌያለሁ። አራቱ መልስ አግኝተዋል፤ ሦስቱ "በጥናት ላይ ነው" ይላሉ። አራተኛው ግን ከሁሉም የተማረ ነበር፤ "የነዋሪው ብዛት ድልድይ ለመሥራት የሚያበቃ ሆኖ አልተገኘም" ይላል። እኔም እውነት ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ በሁለት ሰው ማን ድልድይ ይሠራል። ቀጥሎ ግን ምርጫ መጣና የምርጫ ኃላፊው፣ ማለትም ያው ወንበር በሌላኛው ቆቡ፣ ለእነዚያው ሁለት ሰዎች በሦስት ቀን ውስጥ ድልድይ አስዘረጋ። ማንም መራጭ ድምፅ ለመስጠት ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ መራመድ የለበትም የሚል ደንብ እንዳላችሁ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ታማሚ ለሐኪም ስንት ኪሎ ሜትር መራመድ እንደሚገባው የሚናገር ደንብ ካላችሁ ግን እስከዛሬ አልደረሰኝም፤ ምናልባት በጥናት ላይ ይሆናል።

ሁለተኛ፦ ምስጢር ስለሆነው ድምፄ አመሰግናለሁ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ካርቶን አጥራችሁ፣ ማንም እንዳያየኝ ፖሊስ አቁማችሁ፣ ቁልፍ እንድጫን ታደርጋላችሁ። ከዚያም ውጤቱ በየጣቢያው ይለጠፋል። ጣቢያችን ውስጥ ያለው መራጭ አንድ ነው። የምርጫ ምልክቱ ማንቆርቆሪያ የሆነው ፓርቲ ተላላኪ፣ የማዶ መንደር የቦራጋዎኑ ሄምቻንድራ፣ ትናንት ወንዙን እስከ ወገቡ ገብቶ ተሻግሮ መጥቶ አጥሬ ላይ ተደግፎ ነበር። "አጎቴ፣ የእርስዎ ድምፅ እኮ የመስታወት ድምፅ ናት፤ ማንቆርቆሪያዋን ካልነኳት በማግስቱ ቦራጋዎን ሻይ ቤት ድረስ ይሰማል፤ ያኔ ለእኔም ስም አይተርፈኝም" አለኝ። እኔም "ሄሙ፣ ከወገብህ በታች እየተንጠባጠብክ ነው፤ ድልድይ ያሠራው ማንቆርቆሪያህ የት አለ?" ስለው፣ ሱሪውን እየጨመቀ "ከምርጫ በኋላ" አለ። ሳቅን። እሱም ሳቀ፤ ክፉ ልጅ አይደለም።

ስለ ምስጢር ካነሳሁ አይቀር ባለፈው ምርጫ የሆነውን ልንገርዎ። ያኔ መራጮቹ ሁለት ነበርን፤ እኔና ባለቤቴ ሳሩሊ ዴቪ። አርባ አንድ ዓመት በትዳር ኖረናል። በዋዜማው ምሽት ሁለታችንም ለማንቆርቆሪያው ልንሰጥ እሳት ዳር ተስማምተን ተኛን። ውጤቱ ሲለጠፍ አንድ ማንቆርቆሪያ፣ አንድ ጃንጥላ። ሸለቆው በሙሉ ሳቀብን። እኔ ማንቆርቆሪያዋን በገዛ ጣቴ ስለተጫንኩ፣ ጃንጥላዋ ከማን እንደመጣች ለማወቅ ሒሳብ አዋቂ መሆን አላስፈለገኝም። "ምነው፣ ተስማምተን አልነበር?" ብላት፣ የላሟን ጡት ሳትለቅ "የቡፓል አባት፣ ድምፅ ምስጢር ነው፤ መንግሥት ራሱ ብሏል" አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ምስጢር ትርጉም የሚኖረው ሁለት ሰው ሲኖር ነው። አሁን ብቻዬን ነኝ፤ የምደብቀውም፣ የሚደብቀኝም የለም።

ሦስተኛ፦ ለፎቶግራፉ አመሰግናለሁ። ያን ቀን ሳሩሊ የሠርጓን ቢጫና ቀይ ሻሽ ተከናንባ ነበር፤ ከሠርጋችን ወዲህ ለበዓልና ለሰው ሠርግ ካልሆነ ከሳጥኑ አይወጣም። "ለማሽን ነው እንዴ የምትዋቢው?" ስላት "ሰባት ሰው ለእኔ ብሎ ተራራ ሲወጣ ታይቶ ያውቃል? ቢያንስ ሻሽ ይገባቸዋል" አለችኝ። ከዚያም አስመራጩ ጣቷን ጥቁር ቀለም ሲቀባት፣ ጣቷን ቀጥ አድርጋ እየሳቀች ሳለ ፎቶ አነሳችኋት። ያ ፎቶ ትልቅ ሆኖ "እኔ ድምፄን ሰጥቻለሁ፤ እርስዎስ?" የሚል ጽሑፍ ታክሎበት በጽሕፈት ቤትዎ መተላለፊያ ላይ እንደተሰቀለ ሰው ነግሮኝ፣ አምና ሄጄ አየሁት። ዘበኛው "ባባ፣ መንገድ ዘጋህ፤ ምን ፈልገህ ነው?" አለኝ። "ይችን ሴትዮ" አልኩት። የሰከርኩ መስሎት በትከሻዬ ይዞ አወጣኝ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ስሟ አልተጻፈም።

አራተኛ፦ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ይሰነካከልብኛል፤ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ከምርጫው ማግስት አስመራጮቹ ማሽናቸውን አሽገው ወረዱ። እኔም እስከ ቢሱጋድ ሸኘኋቸው፤ እንግዳ ነውና። ወንዙ ዳር ስንደርስ ኃላፊ ሆኖ የመጣው ወጣት ቆመና ሳንቃዎቹን ማየት ጀመረ። አሥራ አራት ነበሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። "ባባ ጂ፣ እነዚህ የምርጫ ንብረት ናቸው፤ በፊርማዬ ነው የወጡት። አንዱ ቢጎድል እኔን ነው የሚጠይቁኝ። ቋጠሮው ግን እጃችንን አቃጠለው" አለኝ። ትሁት ልጅ ነበር፤ አንገቱ ላይ የእናቱ ክታብ ታስሮበታል። ልጆቹ የታሰረውን መፍታት አልቻሉም፤ ገመዱ የቢማል ዛፍ ልጥ ነበርና። የእኛ አገር ልጥ ውኃ ሲነካው ይጠብቃል፤ አፈታቱን የሚያውቅ ያገሩ ሰው ነው።

ክቡር ሆይ፣ የፈታሁት እኔ ነኝ።

ከአሥራ አራት እስከ አንድ ቁልቁል እየቆጠርኩ፣ በዚህ በገዛ እጄ ፈታሁ። የመንግሥት ንብረት ነው አልኩ። ልጁን አይጠይቁት አልኩ። አንድም ቃል አልተከራከርኩም። ዘበኛ ነበርኩ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተቆጠረ ዕቃ ቆጥሬ ማስረከብ ነው ሥራዬ። ልጁ አመስግኖ "ላደረጉት ቀና ትብብር" የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጠኝ። ሳንቃዎቹ ተጭነው ከወንዙ ማዶ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ባለው በቦራጋዎን መጋዘን ተቀመጡ። እኔም በወንዙ ድንጋዮች ላይ እየዘለልኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሳሩሊ "ምንድነው ወረቀቱ?" አለችኝ። "ምስጋና ነው" አልኳት። "ለምኑ?" አለች። "ለትብብር" አልኩ። ከአማልክቱ ሥዕል አጠገብ በምስማር ሰቀለችው።

ይህ የሆነው በባይሳክ ነው። ከሦስት ወር በኋላ በሳውን፣ ዝናቡ ሌትና ቀን በማያባራበት ወር፣ ሳሩሊን ደረቷን ውጋት ያዛት። በሦስተኛው ቀን ትንፋሿ እንደ ወንፊት ሆነ። ከመንደራችን ከሁለቱ ጢስ ከሚወጣባቸው ቤቶች በሁለተኛው የሚኖረው ኔፓላዊው ዳን ባሃዱር ነው፤ የሄዱትን ሰዎች እርሻ የእኩል እያረሰ ይኖራል። እሱና ወንድሙ፣ የአገራችን አምላክ የጎሉ መቅደስ ካህን ልጅና እኔ ሆነን በቃሬዛ አወረድናት። ቢሱጋድ ስንደርስ ወንዝ አልነበረም፤ ተራራ ነበር የሚሄደው፤ ድንጋይ ሲያንከባልል መሬቱ ከእግራችን ሥር ይንቀጠቀጣል። ከጠዋት ጀምረን ጎርፉ እስኪጎድል ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሳንቃዎቹ ታስረውባቸው የነበሩት ሁለት ግንዶች እንደቆሙ ነበሩ። እሷ አየቻቸው።

"የቡፓል አባት፣ ሳንቃዎቹን የት አደረጓቸው?" አለችኝ።

አልመለስኩላትም።

ቀትር ላይ አረፈች። እዚያው ወንዝ ዳር፣ ዝናቡ ጋብ ሲል እንደ ሥርዓታችን አቃጠልናት። እሳቱን ከመለኮሳችን በፊት እጇን ስናጥብ የግራ ጠቋሚ ጣቷ ጥፍር ጫፍ ላይ የምርጫው ጥቁር ቀለም አሁንም ነበረ፤ ጥፍሩ ገና አድጎ አላለቀም። ዳን ባሃዱር በአሸዋ ሊያሸው ሞከረ። ተወው አልኩት። ቀለማችሁ ጥሩ ቀለም ነው፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

በአገራችን ልማድ፣ የተበደለ ሰው ፍርድ ቤት መድረስ ሲያቅተው ቴምብር ባለው ወረቀት ላይ ክሱን ጽፎ በፈራጁ በጎሉ መቅደስ ይሰቅላል። እርስዎ የቆላ ሰው ስለሆኑ ላያውቁት ይችላሉ እንጂ፣ የጎሉ ችሎት ቀጠሮ አያበዛም። ፍርዱን ያገኘ ሰው ስለቱን በደወል ይከፍላል፤ ከመቅደሱ ጣሪያ እስከ ዛፉ ቅርንጫፍ ድረስ የተሰቀለው ደወል ሁሉ የተመለሰ ማመልከቻ ነው። እኔም ሳሩሊ ባረፈች በአሥራ ሦስተኛው ቀን ባለ ቴምብር ወረቀት አገኘሁና እርስዎን ልከስ ተቀመጥኩ። "የአውራጃው አስተዳዳሪ" ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ እጄን አየሁት። እስክሪብቶውን የያዘው እጅ ቋጠሮውን የፈታው እጅ ነው። ካህኑ ፓንዲት ጂ "ኡሜድ፣ ጎሉ ተከሳሹን ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፤ ከሳሹንም ያስቆመዋል። ግማሹን እውነት ደብቀህ ብትሰቅል ወደ አንተው ይመለሳል" አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከሻሿ ሥር ከተትኩት። አምስት ዓመት እዚያ ተቀመጠ። እኔም በየማለዳው መብራት እያበራሁ ስጸልይ፣ ግድግዳው ላይ ከአማልክቱ አጠገብ ያለው የትብብር ወረቀት አብሮ ይሰገድለታል። ላነሳው አልደፈርኩም፤ እሷ ናት የሰቀለችው።

እንግዲህ ማስታወቂያዎ ባለፈው ሳምንት ሲደርሰኝ ምን እንዳሰብኩ ይገምታሉ። በምርጫው ቀን ቤቴን ቆልፌ፣ የትምህርት ቤቱንም ቁልፍ ይዤ፣ ጎሉ መቅደስ ሄጄ ልቀመጥ ወሰንኩ። መቶ በመቶው ዜሮ በመቶ ይሆናል። ሰባት ሰው፣ አንድ ማሽን፣ አሥራ አራት ሳንቃ፤ መራጭ የለም። እውነቱን ልናገር፣ ለሦስት ቀን ይህ ሐሳብ እንደ ጥሬ ስኳር ምላሴ ላይ ሟሟ። ልጄ ቡፓል በስልክ "ባቡ፣ ምርጫውን ተውትና ወደ እኛ ይውረዱ፤ እዚህ አስፋልቱ ደጃፋችን ድረስ ነው፤ ሲሞቱም አያስቸግሩም" አለኝ። ለመቀለድ ነው ያለው፤ ቀልዱ ግን ውስጡ ልመና አለበት። እኔም "ድምፄን አልሰጥም እስክላቸው ጠብቀኝ፣ ከዚያ እናያለን" አልኩት።

ይህንን ለዳን ባሃዱር ደግሞ ነገርኩት። ግድግዳ ላይ ድንጋይ እየደረበ ነበር። ባለቤቱ ቢማላ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ዳጉሳ ታበጥራለች፤ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ዳን ባሃዱር ድንጋዩን አስቀመጠና አሰበ። እሱ ሲያስብ ጊዜ ይወስዳል።

"ዳጁ፣" አለኝ፤ በእነሱም በእኛም ቋንቋ ታላቅ ወንድሜ ማለት ነው። "ድምፅ እንደማትሰጥ ካወቁ ሳንቃዎቹን ያመጧቸዋል?"

አንድ ድንጋይ አንስቼ አቀበልኩት።

ቢማላ ቀና ሳትል "ለእኔ አያመጡም፤ እኔ የትም መዝገብ ላይ የለሁም" አለች። ቀጥላ ሆዷን እየዳሰሰች "ይሄኛውም የለም። በሳውን ነው የሚመጣው። ባባ፣ አንተ ካርድ አለህ፤ ለአንተ ጣት ድልድይ ይሠራል። ለእኔ ሆድ ዋና መልመድ ነው" ብላ ሳቀች። ዳን ባሃዱር አልሳቀም። ቃሬዛውን ከፊት በኩል ተሸክሞ የነበረው እሱ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ያን ምሽት ባለ ቴምብሩን ወረቀት ከሻሿ ሥር አወጣሁት። እኔ ላኮርፍ የነበረው በሳሩሊ ስም ነው። ሳሩሊ ግን አኩርፋ አታውቅም፤ ስትቆጣ ጃንጥላ ነበር የምትጫነው። የእኔ ኩርፊያ የሚጠቅመው የእኔን ኩራት ብቻ ነበር፤ እኔ መቅደስ ደጃፍ ተቀምጬ ደስ ሲለኝ፣ አሥራ አራቱ ሳንቃዎች መጋዘን ውስጥ ተኝተው፣ በሳውን ሌላ ቃሬዛ ያው ዛፍ ሥር ይቆማል። አንድ ጊዜ ቋጠሮ ፈታሁ። አሁን ደግሞ ቋጠሮው ጨርሶ እንዳይታሰር ላደርግ ነበር።

ስለዚህ ውሳኔዬን በአክብሮት አሳውቃለሁ።

ድምፄን እሰጣለሁ። ጠዋት በሰዓቱ ትምህርት ቤቱን በቁልፌ እከፍታለሁ፤ ወንበሮቹን አጸዳለሁ። ለሰባቱ ልጆች የዳጉሳ ቂጣና ሻይ አቀርባለሁ፤ የሰው ልጆች ናቸው፣ ጥፋት የለባቸውም። ጣቴን ዘርግቼ ቀለሙን እቀባለሁ። ማንን እንደምመርጥ ዛሬ በይፋ መናገር ባልችልም፣ በማግስቱ ስለምትለጥፉት ማን ይቸገራል። ከሁሉም ተወዳዳሪዎች አንዱንም አልመርጥም የምትለዋ የመጨረሻዋ ቁልፍ ብቻዋን እንዳይከፋት ማሰቤን ግን ለሄምቻንድራ ነግሬዋለሁ። የተሰደብኩት ስድብ ለጆሮዎ አይመጥንም።

ሳንቃዎቹ ሲመጡ የማስራቸው እኔ ነኝ። ልጡን ካሁኑ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ደብድቤ እየፈተልኩ ነው፤ ዳን ባሃዱር ሁለተኛውን ጫፍ ይይዝልኛል። በየቋጠሮው ላይ እሷ የሣር ሸክሟን የምታስርበትን ማሰሪያ አስራለሁ፤ እሱን አርባ አንድ ዓመት ሞክሬ አንድም ቀን መፍታት አልቻልኩም። አስመራጮቹና ማሽኑ ተመልሰው ከተሻገሩ በኋላ ግን እኔ ከድልድዩ አልወርድም። ሰባተኛውና ስምንተኛው ሳንቃ ላይ ብርድ ልብሴን አንጥፌ እቀመጣለሁ። ንብረቱን የሚረከበው ሰው ቢላ ይዞ ቢመጣ ምንም አልለውም፤ አልታገለውም፤ ጣቴ ላይ ቀለሙ ገና አልለቀቀምና ፎቶ አንሺም ይዞ ቢመጣ ይጠቅመዋል። "እኔ ድምፄን ሰጥቻለሁ፤ እርስዎስ?" የምትለው ጽሑፍ ላሁኑም ፎቶ ትሆናለች። የመንግሥትን ንብረት በመያዝ ከከሰሱኝ እውነት ነው፤ አምናለሁ። ከአምስት ዓመት በፊት ባለመያዜ ግን ክስ የመሠረተብኝ ማንም የለም፤ ያኛው ነበር የሚያስከስሰው።

የማስታውስዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። እኔ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። በሚቀጥለው ምርጫ ካፍልኬት መራጭ ላይኖራት ይችላል፤ ያኔ ሳንቃ የሚያስመጣ ጣት አይኖርም። በዚያን ጊዜ የቢማላ ልጅ አምስት ዓመት ይሆነዋል፤ የሚማርበት ትምህርት ቤት ተቆልፎ፣ ቁልፉ የማን አንገት ላይ እንደሚሆን አላውቅም። እስከዚያ ግን ድልድዩ ላይ ነኝ።

የዚህ ደብዳቤ አንድ ግልባጭ ለጋዜጣው፣ አንድ ግልባጭ ለቦራጋዎን ሻይ ቤት ግድግዳ ተልኳል፣ ሦስተኛው ደግሞ በባለ ቴምብሩ ወረቀት ላይ ተገልብጦ በጎሉ መቅደስ ተሰቅሏል። በጎሉ ግልባጭ ላይ ተከሳሾቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ተከሳሽ ኡሜድ ሲንግ ናያል ነው፤ ቀድሜ የጻፍኩት ለእርስዎ አክብሮት ስል አይደለም። ሁለተኛው ወንበርዎ ነው። ሳንቃዎቹ በሳውን ቦታቸው ላይ ከተገኙ የእርስዎን ድርሻ ከክሱ ሰርዤ፣ በስምዎ አንድ ደወል ለመስቀል ተስያለሁ። ካልተገኙ ደግሞ ወረቀቱ እዚያው ይሰነብታል፤ ነፋሱ ማንበብ ያውቃል።

ለሁለቱም ቆቦችዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ አንዱ ለሌላው አንድ ቀን ሰላምታ እንዲሰጠው እየጸለይኩ፣

የካፍልኬት መራጭ ሕዝብ በሙሉ፣
የቀድሞ የትምህርት ቤት ዘበኛ፣
ላደረገው ቀና ትብብር የተመሰገነው፣
ትሑት አገልጋይዎ ኡሜድ ሲንግ ናያል

ድኅረ ጽሑፍ፦ የትብብር ወረቀቱን ዛሬ ጠዋት ከአማልክቱ አጠገብ አንስቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልዎታለሁ፤ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ተቆጥሮ ይረከቡኝ። በመተላለፊያዎ ላይ ጣቷን ቀስራ የምትስቀው ሴት ሳሩሊ ዴቪ ትባላለች። አንድ ጥያቄ ነበራት፤ እኔ ሳልመልስላት ቀረሁ። በየጠዋቱ ወደ ቢሮዎ ሲገቡ በፊቷ ስለሚያልፉ፣ ሳንቃዎቹን የት እንዳደረጓቸው እርስዎ ይንገሯት።